ሮሊንግ ስቶንስ በሦስት ቀን አልበም እንዴት ቀረጹ? ወደ ብሉዝ የመመለስና የ«ላይቭ» ቀረጻ ነገር

አንጋፋ የሮክ ባንድ አዲስ አልበም ባወጣ ቁጥር አብሮት የሚመጣ ወሬ አለ። «ወደ ብሉዝ ተመልሰዋል፤ የቀረጹትም ላይቭ ነው» ይባላል። ጋዜጣው ይጽፈዋል፤ አድናቂው ይቀባበለዋል። ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳ ግን እምብዛም አይገኝም። ላይቭ ሲባል ኮንሰርት ላይ የተቀዳ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ብሉዝ ሲባል ደግሞ ዝግ ያለ የሐዘን ዘፈን ብቻ የሚመስለውም አይጠፋም።

ነገሩን በአንድ አልበም ይዘን ብንሄድ ይቀላል። የመረጥኩት የእንግሊዙን ሮክ ባንድ የሮሊንግ ስቶንስን «ብሉ ኤንድ ሎንሰም» ነው። ታሪኩ ግልጽ ነው፤ ከጀርባው ያለው ጉድም ብዙ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

## አልበሙ እንዴት ተወለደ?

አልበም ይሆናል ብሎ ያቀደው አልነበረም። በዲሴምበር 2015 ስቶንሶቹ ምዕራብ ለንደን ቺዚክ ውስጥ ወደሚገኘው ብሪቲሽ ግሮቭ ስቱዲዮ ገቡ። የስቱዲዮው ባለቤት የዳየር ስትሬትሱ ጊታሪስት ማርክ ኖፕፍለር ነው። የገቡት የራሳቸውን አዳዲስ ዘፈኖች ለመሥራት ነበር። አዲስ የስቱዲዮ አልበም ካወጡ አሥር ዓመት አልፏቸዋል፤ የመጨረሻው የ2005ቱ ነበር።

ሥራው ግን ቶሎ አልያዘላቸውም። የክፍሉ ድምፅ አልተስማማቸውም። ጆሯቸውን ከክፍሉ ጋር ለማላመድ ብለው ከወጣትነታቸው ጀምሮ የሚያውቁትን የብሉዝ ሃርሞኒካ ተጫዋቹን የሊትል ዋልተርን አንድ ዘፈን ተጫወቱ። ድምፁ ወዲያው ተስተካከለ። «እስቲ ሌላ ደግሞ» ተባለ። ከዚያ ሌላ። በሦስት ቀን 12 ዘፈን ተቀረጸ። ከ12ቱ አንዱም የእነሱ ድርሰት አይደለም። ሁሉም የቀደሙት የጥቁር አሜሪካውያን የብሉዝ ሰዎች የተጫወቷቸው ናቸው። ስቶንሶቹ እንዲህ ያለ አልበም ሲያወጡ የመጀመሪያቸው ነው።

አንድ አጋጣሚም አለ። እንግሊዛዊው ጊታሪስት ኤሪክ ክላፕተን እዚያው ስቱዲዮ የራሱን ሥራ ይዞ ነበር። ጎራ አለና በሁለት ዘፈን ላይ ጊታር ተጫወተ። ፕሮዲዩሰሩ ዶን ዎዝ ከባንዱ ዘፋኝ ከሚክ ጃገርና ከጊታሪስቱ ከኪዝ ሪቻርድስ ጋር ሆኖ አልበሙን አሰናዳ። ዲሴምበር 2 ቀን 2016 ወጣ። በብሪታንያ የአልበም ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። በ2018 ደግሞ በባህላዊ ብሉዝ ዘርፍ የግራሚ ሽልማት አገኘ።

ዜናው ሁሉ «ሦስት ቀን» የምትለዋን ይዞ ሮጠ። ለእኔ ይቺ ቁጥር አሳሳች ናት። ለምን እንደሆነ ለማየት መጀመሪያ ሙዚቃውን ማወቅ ያስፈልጋል።

## ብሉዝ ምንድን ነው?

ብሉዝ በደቡባዊ አሜሪካ በሚኖሩ ጥቁሮች መካከል፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ አካባቢ የተፈጠረ ሙዚቃ ነው። ባርነት በ1865 በሕግ ቀርቷል። ኑሮው ግን ብዙም አልተለወጠም። አብዛኛው ሰው በሌላ ሰው መሬት ላይ እያረሰ፣ ምርቱን ለባለመሬቱ እያካፈለ፣ ዕዳ ውስጥ ተዘፍቆ ይኖር ነበር። የጥጥ እርሻ ላይ የሚዜሙ የሥራ ዘፈኖች ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ነበር። ብሉዝ ከሁለቱም ወሰደ። አንዱ ጥሪ ያሰማል፣ ሌላው ይመልሳል። ይህ የመቀባበል ልማድ እስከ ዛሬ አልጠፋም። ዘፋኙ አንድ ሐረግ ሲጨርስ ጊታሩ ወይም ሃርሞኒካው መልስ ሲሰጠው ትሰማላችሁ።

ቅርጹ ቀላል ነው። በጣም የተለመደው 12 ባር የሚባለው ነው። ባር ማለት የምት መለኪያ ነው፤ ብዙውን ጊዜ አራት ምት ይይዛል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያላችሁ 12 ጊዜ ብትቆጥሩ አንድ ዙር ሞላ ማለት ነው። በዚህ ዙር ውስጥ የሚያስፈልጉት ሦስት ኮርዶች፣ ማለትም አንድ ላይ የሚመቱ የድምፅ ስብስቦች፣ ብቻ ናቸው። በመነሻው ኮርድ ላይ ይቆያል፣ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል፣ ይመለሳል፣ ወደ ሦስተኛው ይወጣል፣ እንደገና ወደ መነሻው ይወርዳል። ከዚያ ዙሩ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ግጥሙም የራሱ መልክ አለው። አንዱ ስንኝ ይባላል፣ ይደገማል፣ ሦስተኛው ይመልሰዋል። ለምሳሌ እኔ በአማርኛ ብሞክረው እንዲህ ይመጣል፦

ዛሬም ደጁን ዘጋሁ፣ የሚመጣ የለም፤
ዛሬም ደጁን ዘጋሁ፣ የሚመጣ የለም፤
ጆሮዬ ግን ዛሬም ከበር አልተነቀለም።

ግጥሜን ተዉትና ቅርጹን እዩ። መድገሙ ሥራ አለው። ዘፋኙ ሦስተኛውን ስንኝ የሚያስብበት ጊዜ ይሰጠዋል፤ አድማጩንም «እሺ፣ ከዚያስ?» ያሰኘዋል።

ሌላው መለያ የድምፁ መታጠፍ ነው። ፒያኖ ላይ አንድ ቁልፍና ቀጣዩ ቁልፍ አሉ፤ በመካከላቸው ምንም የለም። ብሉዝ የሚኖረው በመካከላቸው ነው። ጊታሪስቱ ክሩን በጣቱ ገፋ ያደርገዋል፤ ሃርሞኒካ የሚነፋው ትንፋሹን ይለውጣል። ድምፁ ከአንዱ ተነስቶ ወደ ሌላው ሳይደርስ ይንጠለጠላል። ይህን በኖታ ጽፎ ማስተማር ይከብዳል። ሰምቶ ነው የሚለመደው።

ሐዘን ብቻ ነው የሚለውን ተዉት። የብሉዝ ዘፈን ስለ ገንዘብ ያላግጣል፣ ስለ ፍቅረኛ ይቀልዳል፣ ይፎክራል፣ ያስጨፍራል። ብዙዎቹ የተፈጠሩት ቅዳሜ ማታ ሰው ሊደንስባቸው ነው። ደግሞ ሁሉም 12 ባር አይደለም። ሃውሊን ዉልፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ኮርድ ላይ ቆሞ የሚያንቀጠቅጣቸው ዘፈኖች አሉት።

## ከሚሲሲፒ ለንደን ድረስ እንዴት ሄደ?

መጀመሪያ ወደ ሰሜን ነው የሄደው። ከ1910 እስከ 1970 ባለው ጊዜ ስድስት ሚሊዮን ያህል ጥቁር አሜሪካውያን ደቡቡን ለቀው ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ከተሞች ተሰደዋል። ሥራ ፍለጋም ነው፣ ከጭቆና ሽሽትም ነው። ማዲ ዋተርስ ከሚሲሲፒ እርሻ ተነስቶ ቺካጎ የገባው በ1943 ነው። እርሻ ቤት ደጃፍ ላይ የሚሰማው ባዶ ጊታር ቺካጎ ጫጫታ ባለበት ቡና ቤት ውስጥ ይዋጣል። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ጊታር ያዘ። ከኋላው ድራም፣ ቤዝና ፒያኖ ቆሙ። ዛሬ የሮክ ባንድ የምንለው አደረጃጀት በአብዛኛው እዚያ ነው የተዘጋጀው።

ከሱ ጋር ይጫወት የነበረው ሊትል ዋልተር ደግሞ ሃርሞኒካውንና ማይኩን አንድ ላይ በእጁ ጨብጦ፣ ድምፁን በአምፕሊፋየር አሻክሮ ያወጣ ጀመር። ትንሿ የኪስ መሣሪያ እንደ ሳክስፎን ማገሳት ጀመረች። በ1952 ያለ ዘፋኝ፣ በሃርሞኒካ መሪነት የሠራው ሙዚቃ በጥቁሮች የሙዚቃ ሰንጠረዥ ላይ ስምንት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል። ይህን ሁሉ ሸክላ ላይ ያሳተመው ከፖላንድ የመጡት ወንድማማቾች፣ ሌናርድና ፊል ቼስ፣ ቺካጎ ውስጥ የከፈቱት ቼስ ሬኮርድስ ነው።

ሸክላዎቹ ውቅያኖስ ተሻገሩ። በኦክቶበር 1961 ከለንደን ወጣ ብላ በምትገኘው ዳርትፎርድ ባቡር ጣቢያ ኪዝ ሪቻርድስ አንድ የልጅነት ጓደኛውን አየ። ሚክ ጃገር ነበር። ብብቱ ሥር የቸክ ቤሪና የማዲ ዋተርስ ሸክላዎች ይዟል። በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ እነዚህን ማግኘት ቀላል አልነበረም። ወሬ ጀመሩ፤ ወሬው ባንድ ሆነ። የባንዱ ስም ራሱ ከማዲ ዋተርስ ዘፈን የተወሰደ ነው።

በ1964 ስቶንሶቹ ቺካጎ ድረስ ሄደው በዚያው በቼስ ስቱዲዮ ቀረጹ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሃውሊን ዉልፍ ቀደም ሲል የዘፈነውን አንድ ዝግ ያለ ብሉዝ ተጫውተው በብሪታንያ አንደኛ አደረጉት። በ1965 ደግሞ «ሺንዲግ» የተባለ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ዝግጅት ሲጋብዛቸው፣ ሃውሊን ዉልፍም መጋበዝ አለበት አሉ። መጣ፤ ዘፈነ። ስቶንሶቹ እሱ ሲዘፍን ከሥሩ ተቀምጠው ይመለከቱታል። ቪዲዮው ዛሬም በቀላሉ ይገኛል። ያንን ግዙፍ ሰውዬ ለብዙ ነጭ አሜሪካዊ ወጣት ያስተዋወቁት ከእንግሊዝ የመጡ ልጆች መሆናቸው ይገርማል። ሰውየው እኮ እዚያው አገራቸው ነበር!

## «ላይቭ» ሲባል ኮንሰርት ላይ ማለት ነው?

አይደለም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

የኮንሰርት አልበም የሚባለው ሕዝብ ፊት ሲጫወቱ የተቀዳው ነው፤ ጭብጨባው አለ፣ ጩኸቱ አለ። በስቱዲዮ ላይቭ መቅረጽ ግን ሌላ ነገር ነው። አድማጭ የለም። ሙዚቀኞቹ ስቱዲዮ ውስጥ ናቸው። ልዩነቱ ሁሉም በአንድ ጊዜ አብረው መጫወታቸው ነው። ዘፋኙም እዚያው አብሯቸው ይዘፍናል። የተቀዳውም ያው የተጫወቱት ነው።

«ታዲያ ሌላው እንዴት ነው የሚቀረጸው?» ብትሉ፣ ተነጣጥሎ ነው። ዛሬ የምንሰማው አብዛኛው ዘፈን በየተራ የተሠራ ነው። መጀመሪያ ድራም ይቀዳል። ሌላ ቀን ቤዙ ይመጣል። ጊታሪስቱ ምናልባት ሌላ ከተማ ሆኖ ፋይል ይልካል። ዘፋኙ መጨረሻ ላይ ይገባል፤ አሥር ጊዜ ይዘፍናል፣ ከአሥሩ ጥሩ ጥሩው ሐረግ እየተቆረጠ ይሰፋል። በተቀዳ ሙዚቃ ላይ ሌላ ድምፅ መደረብ ኦቨርደብ ይባላል። ሁሉም እኩል እንዲሄዱ ጆሯቸው ውስጥ ቀ–ቀ–ቀ የሚል የምት መቁጠሪያ ይለቀቅላቸዋል፤ ክሊክ ይሉታል።

አራት ጓደኛሞች ተቀምጠው ሲጨዋወቱ አስቡ። አንዱ ሲናገር ሌላው ጣልቃ ይገባል፣ ሦስተኛው ይስቃል፣ ወሬው አቅጣጫ ይቀይራል። አሁን ደግሞ አራቱም በየቤታቸው ሆነው የድምፅ መልእክት ቀድተው ልከው፣ አንድ ሰው ገጣጥሞ ጨዋታ አስመሰለው እንበል። ቃላቱ ጥርት ብለው ይሰማሉ። ማንም የማንንም አፍ አልነጠቀም። ግን አንዱ በተናገረው ነገር ሌላው ሐሳቡን የቀየረበት ቦታ አይኖርም። ላይቭ የተቀረጸ ሙዚቃ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ሁለተኛው መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ በዚያ መንገድ የተሠሩ ድንቅ አልበሞች ሞልተዋል። ሥራቸው የተለያየ ነው።

## መነጣጠሉ መቼ ተጀመረ?

ድሮ ምርጫም አልነበረም። የብሉዙ ሰው ሮበርት ጆንሰን በ1936 ሳን አንቶኒዮ ውስጥ ሆቴል ክፍል ገብቶ ሲቀርጽ ከተሳሳተ ያለው አማራጭ እንደገና መጀመር ነበር። ባንድ ከሆነ ደግሞ ድምፁ የሚመጠነው በቆሙበት ቦታ ነው። የሚጮኸው ከማይኩ ይርቃል፤ ለስላሳው ይጠጋል።

ከዚያ ማግኔቲክ ቴፕ መጣ። አሜሪካዊው ጊታሪስት ሌስ ፖል በራሱ ድምፅ ላይ ራሱን እየደረበ መቅዳት ጀመረ፤ በ1957 አምፔክስ ኩባንያ ስምንት ድምፅ ለየብቻ የሚይዝ መቅረጫ ሠራለት። ነገሩ ግን ቶሎ አልተዛመተም። ቢትልሶች በፌብሩዋሪ 1963 በአንድ ቀን ብቻ አሥር ዘፈን ቀርጸዋል፤ የመጀመሪያ አልበማቸው አብዛኛው በዚያ ቀን አለቀ። ከዚያ ለየብቻ የሚቀዳው መስመር፣ ትራክ የሚሉት፣ አራት ሆነ፣ ስምንት ሆነ፣ 16 ሆነ፣ በ1970ዎቹ 24 ደረሰ። በ1991 ፕሮ ቱልስ የተባለው የመቅረጫ ፕሮግራም ወጣና ቀረጻው ኮምፒዩተር ውስጥ ገባ። በ1997 ደግሞ የዘፋኝን ድምፅ ወደ ትክክለኛው ኖታ የሚጎትተው ኦቶቲዩን መጣ። አሁን ሊስተካከል የማይችል ስህተት የለም ማለት ይቻላል።

ችግሩም እሱ ላይ ነው። ሁሉም ሊስተካከል ሲችል የማቆሚያው ቦታ ይጠፋል። አንድ አልበም ዓመታት የሚፈጀው ዘፈን ስለጠፋ ብቻ አይደለም። «ይቺን ደግሞ ላስተካክላት» ማለት ማለቂያ የለውም።

## አብሮ መቅረጽ ለምን ያስፈራል?

ድምፅ ግድግዳ ካላገኘ የትም ይገባል። ድራሙ ሲመታ የዘፋኙ ማይክ ውስጥ ይሰማል። ጊታሩ የድራሙ ማይኮች ውስጥ ይሾልካል። ባለሙያዎቹ ብሊድ ይሉታል። ውጤቱ ቀላል አይደለም። ጊታሪስቱ አንድ ቦታ ላይ ቢሳሳት የጊታሩን ትራክ ብቻ መርጦ ማጥፋት አይቻልም፤ ስህተቱ በሌሎቹም ማይኮች ውስጥ በትንሹ አለ። ስለዚህ ወይ ሁሉም እንደገና ይጫወታሉ፣ ወይ ስህተቱ እንዳለ ይቀራል።

ይህን ለመቀነስ በመሣሪያዎቹ መካከል መጋረጃ መሰል ሰሌዳ ያቆማሉ፣ ወይም አምፕሊፋየሩን ሌላ ክፍል ይከቱታል። ግን የሾለከው ድምፅ ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። ሁሉም መሣሪያ በሁሉም ማይክ ውስጥ ጥቂት ጥቂት ስላለ፣ ሙዚቃው በአንድ ክፍል ውስጥ እንደተሠራ ጆሮ ያውቃል። የቼስ አሮጌ ሸክላዎች ያን የሚያህል ጉልበት ያላቸው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ጥቂት ማይክ፣ አንድ ክፍል፣ ሁሉም በአንዴ።

ሌላው ጣጣ ፍጥነት ነው። ክሊክ ከሌለ ምቱን ሰው ነው የሚይዘው። ሰው ደግሞ ሲሞቀው ይፈጥናል፣ ሲሰክን ይዘገያል። በስቶንሶቹ ዘንድ ይህ የራሱ ታሪክ አለው። የቀድሞው ቤዚስታቸው ቢል ዋይማን እንዳስረዳው፣ ሌላው ባንድ ድራመሩን ይከተላል፤ በእነሱ ግን ድራመሩ ቻርሊ ዋትስ የሪቻርድስን ጊታር ነው የሚከተለው። ስለዚህ ድራሙ ከጊታሩ በስተኋላ የሆነች ቅንጣት ያህል ዘግየት ይላል። ያ የተንሸራተተ፣ ሊወድቅ ደርሶ የማይወድቅ የሚመስለው ምት የሚመጣው ከዚያ ነው። ድራሙን ለብቻው፣ በክሊክ፣ ሰኞ ዕለት ብትቀዱት ይህ ነገር አይገኝም።

## ታዲያ ለምን ብሉዝ?

ብሉዝና ላይቭ ቀረጻ የሚገጥሙት በብሉዝ ቅርጽ ምክንያት ነው። 12 ባሩን ሁሉም ያውቀዋል። ቀጥሎ የትኛው ኮርድ እንደሚመጣ ማንም አይጠይቅም። ስለዚህ ሙዚቀኛው አእምሮውን ለማስታወስ አያባክነውም፤ ለመስማት ያውለዋል። ጃገር ሃርሞኒካውን ትንሽ ረዘም አድርጎ ቢነፋ ሌሎቹ ይጠብቁታል። ዘፈኑ የሚያልቅበትን በዓይን ይግባባሉ።

ውስብስብ ዘፈን ቢሆን ይህ ከባድ ነው። መግቢያ አለው፣ ማሸጋገሪያ አለው፣ የተደራረበ የድምፅ አጀብ አለው። እሱ ልምምድ ይፈልጋል፤ መደረብም ይፈልጋል።

የሦስት ቀኗ ጉዳይም እዚህ ላይ ይፈታል። ጃገር፣ ሪቻርድስና ዋትስ እነዚህን ዘፈኖች ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሲሰሙና ሲጫወቱ ኖረዋል። አብረው ከሃምሳ ዓመት በላይ መድረክ ላይ ቆመዋል። ጊታሪስቱ ሮኒ ዉድ እንኳን «አዲሱ ልጅ» ቢባልም ከ1975 ጀምሮ አብሯቸው አለ። ሦስቱ ቀን የቀረጻው ቀን ነው እንጂ የሥራው ዕድሜ አይደለም። በዚህ አልበም ቀንቶ «እኛም በሦስት ቀን እንጨርስ» የሚል ወጣት ባንድ ቢኖር፣ መጀመሪያ ሃምሳውን ዓመት ይቁጠር።

## ምንም አልተነካካም ማለት ነው?

ማለት አይደለም። አልበሙ ያለ ኦቨርደብ እንደተሠራ ነው የተነገረው። ቢሆንም ከብዙ ሙከራ የተሻለው ይመረጣል፣ የመሣሪያዎቹ ድምፅ ይመጠናል፣ መጨረሻ ላይም ለሸክላና ለስልክ ተስማሚ ሆኖ ይዘጋጃል። ላይቭ የተባለው አጨዋወቱ ነው እንጂ ከዚያ በኋላ ማንም አልነካውም ለማለት አይደለም። አንዳንድ ባንድ ደግሞ ቃሉን ለቀቅ አድርጎ ይጠቀምበታል፤ ድራምና ቤዝ አብረው ተቀድተው ሌላው ተደርቦም «ላይቭ» ይባላል።

## ለምን በስተርጅና?

አንዱ ምክንያት ነፃነት ነው። ስቶንሶቹ ሬዲዮ የሚወደው ሲንግል ማውጣት አያስጨንቃቸውም። ሌላው ደግሞ የራሳቸው አዲስ ዘፈን እምቢ ማለቱ ነው። እነዚያ ሊቀርጹት የገቡት አዲስ ሥራ ሳይሳካ ቆይቶ፣ የራሳቸው ድርሰት ያለበት አዲስ አልበም ያወጡት በ2023 ነው። በዚህ መካከል ቻርሊ ዋትስ በኦገስት 2021 አረፈ።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን የዕድሜው ነገር ነው። ወጣት ሳሉ እንደ ትልልቆቹ ለመዝፈን ይታገሉ ነበር። ይህን አልበም ሲቀርጹ ጃገር 72 ዓመቱ ነበር፤ ዋትስ 74። ሃውሊን ዉልፍ የሞተው በ65 ዓመቱ ነው። ከሌሎቹ የብሉዝ ሰዎች ጂሚ ሪድ በ50። ሊትል ዋልተር በ37። ማጂክ ሳም በ32። ተማሪዎቹ ከመምህራኖቻቸው ዕድሜ አልፈው ሄደዋል። ብሉዝ ደግሞ እርጅና የማያሳፍርበት ሙዚቃ ነው። የፖፕ ዘፋኝ ድምፁ ሲሻክር ሥራው ያልቃል፤ እዚህ ግን ሻካራው ድምፅ ከሙዚቃው ጋር ይሄዳል።

አልበሙ ፍጹም ነው አልልም። ጥቂት ዘፈኖች ላይ የቀደመውን እየደገሙ እንጂ የራሳቸውን እየጨመሩ አይመስሉም። የጃገር ሃርሞኒካ ግን ሌላ ነው። ለዓመታት በትልቅ ስታዲየም ጩኸት የተሸፈነ ችሎታ ድንገት ፊት ለፊት መጥቷል።

## ገንዘቡ ለማን ይሄዳል?

ይህ ጥያቄ መነሳት አለበት። ሀብታም እንግሊዛውያን የድሃ ጥቁር አሜሪካውያንን ሙዚቃ ሲጫወቱ ተጠቃሚው ማነው?

ሕጉ እንዲህ ነው። አንድ ዘፈን አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ በአሜሪካ ሕግ ማንም እንደገና ሊቀርጸው ይችላል። ፈቃድ መለመን አያስፈልገውም፤ በሕግ የተወሰነውን ክፍያ ግን ይከፍላል። አልበሙ በወጣበት ጊዜ ከአምስት ደቂቃ ለማይበልጥ ዘፈን ክፍያው በእያንዳንዱ የተሸጠ ቅጂ 9.1 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ገንዘቡ የሚሄደው ለደራሲውና መብቱን ለያዘው አሳታሚ ነው። መጀመሪያ ለዘፈነው ሰው አይደለም። ለምሳሌ በአልበሙ መጨረሻ ላይ ያለውን ዘፈን በ1956 መጀመሪያ የቀረጸውና ያስታወቀው ኦቲስ ረሽ ነው። አልበሙ ሲወጣ በሕይወት ነበር፤ ያረፈው በ2018 ነው። ደራሲው ግን ዊሊ ዲክሰን ስለሆነ ክፍያው ለዲክሰን ወገን ነው።

አሳታሚውም ሌላ ታሪክ አለው። በ1970ዎቹ ማዲ ዋተርስና ዊሊ ዲክሰን ከቼስ ጋር የተሳሰረውን አርክ ሚዩዚክ የተባለ አሳታሚ «የሚገባንን አልከፈለንም» ብለው ከሰዋል፤ ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማሙ። ዲክሰን በ1985 ደግሞ ሌድ ዜፕሊንን ከሰሰ። በአንድ እውቅ ዘፈናቸው ውስጥ የእኔ ግጥም አለ አለ። በ1987 በስምምነት አለቀ፤ ስሙም በኋላ በደራሲነት ገባ። ዲክሰን ሌሎች ሙዚቀኞች መብታቸውን እንዲያስከብሩ የሚረዳ ብሉዝ ሄቨን የተባለ ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ ዛሬ የሚገኘው በቀድሞው የቼስ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ቺካጎ፣ ሳውዝ ሚሺጋን ጎዳና፣ ቁጥር 2120።

ስለዚህ አንድ ባንድ «ወደ ብሉዝ ተመለስኩ» ሲል እኔ ቶሎ ብዬ የማየው የደራሲዎቹን ስም ዝርዝር ነው። በስቶንሶቹ አልበም ላይ ስሞቹ አሉ።

## ይህን ያደረጉት እነሱ ብቻ ናቸው?

አይደሉም። ክላፕተን በ1994 ብሉዝ ብቻ ያለበት አልበም አውጥቷል፤ አብዛኛው ላይቭ የተቀረጸ ነው። ኤሮስሚዝ በ2004 ከ1970ዎቹ ፕሮዲዩሰራቸው ከጃክ ዳግላስ ጋር ተመልሰው ተመሳሳይ ነገር ሠሩ። ብላክ ኪስ ደግሞ በ2021 የሰሜን ሚሲሲፒ ኮረብቶችን ብሉዝ ይዘው መጡ፤ ከዚያው አካባቢ ሙዚቃ ጋር የኖሩ ሁለት ተጫዋቾችን ጨምረው ናሽቪል ውስጥ በሁለት ከሰዓት በኋላ ጨረሱት። እነዚህኞቹ ከስቶንሶቹ በዕድሜ በጣም ያንሳሉ። የተለየው የብሉዝ ዓይነቱም ነው፤ ኮርድ ብዙም አይቀይርም፣ በአንድ ምት ላይ እየተሽከረከረ ያፈዛል።

## ከየት ልጀምር?

ከስቶንሶቹ አልበም አንድ ዘፈን ምረጡ። ከዚያ ቀድሞ የተጫወተውን ሰው ፈልጋችሁ ያንኑ ዘፈን ስሙ። ተራ በተራ። ለመነሻ የሊትል ዋልተሮቹ ይሻላሉ፤ ሃርሞኒካውን ማወዳደር ቀላል ነው። በስልክ ስፒከር አይሆንም፤ ቤዙ ይጠፋል። ኢርፎን አድርጉ። መጀመሪያ ዘፋኙን ተዉትና ድራሙን ብቻ ተከተሉ። ሁለተኛ ስትሰሙት ጊታሮቹን ለዩ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ምን እንደሚያደርግ አስተውሉ። ሦስተኛውን ለሃርሞኒካው ስጡት። ከስቶንሶቹ ይልቅ አሮጌው ሸክላ ቢጥማችሁ አይግረማችሁ። እኔም እንደዚያው ነኝ።